ከማህደሬ የጠፋችው አንድ ዓመት

በግል ማህደሬ ውስጥ የሻምበልነት ማዕረጌ ቀን «ጥር 20 ቀን 2007 ዓ.ም.» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ማዕረጉን ያገኘሁት ግን ጥር 20 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። ስህተቱ የአንዲት ቁጥር ስህተት ነው፤ እሷን ለማሳረምና የእርማቱን ውጤት እስከ መጨረሻው ለመከታተል ግን ከሐምሌ 2010 እስከ ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ድረስ ሃያ አንድ ወራት ፈጅተውብኛል። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት የባከኑት ማንም ሆን ብሎ ስለበደለኝ ሳይሆን እኔ ራሴ መንገዱን ስላላወቅሁት ነው። አሁን በጡረታ ተገልዬ ደብረ ብርሃን ስኖር ተመሳሳይ ጉዳይ የያዙ የቀድሞ ጓዶቼ እየመጡ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ ከምተርክለት የሄድሁበትን መንገድ ከነስህተቴ ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

የተወለድሁት በሰሜን ሸዋ፣ በሰላ ድንጋይ አካባቢ ነው። ጦሩን የተቀላቀልሁት በ1990 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በተጀመረበት ዓመት፣ በተራ ወታደርነት ሲሆን መኮንን የሆንሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ በሥልጠና ነው። በዚህ መንገድ ለመጣ ሰው እያንዳንዱ ማዕረግ የዓመታት ድካም ያለበት ስለሆነ፣ ለአንዲት ዓመት ይህን ያህል መልፋቴ ወታደር ለሆነ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

በ2006 ዓ.ም. ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡበት ግዛት፣ በአብዬ፣ ግዳጅ ላይ ነበርሁ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ለአብዬ ጊዜያዊ የጸጥታ ኃይል እንዲቋቋም የወሰነው ሰኔ 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኃይሉ በዚያን ዘመን በአብዛኛው የኢትዮጵያ ወታደሮችን የያዘ ነበር። የሹመት ደብዳቤዬ የደረሰኝ እዚያው ግዳጅ ላይ ሳለሁ ነው። ማዕረጉ «ከጥር 20 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ» የጸና መሆኑ በግልጽ ተጽፎበታል። በዚያ ሰሞን ሁለት ነገሮች አደረግሁ፤ አንደኛው በኋላ አዳነኝ፣ ሁለተኛው ጎዳኝ። የደብዳቤውን ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት በሚመለስ ጓዴ እጅ ደብረ ብርሃን ለምትኖረው ታላቅ እኅቴ ላክሁላት። ዋናውን ግን «ለማህደርህ ይፈለጋል» ስለተባልሁ ማንንም ሳላስፈርም አስረከብሁ። ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላም ማህደሬን ገልጬ ለማየት ለአራት ዓመታት አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ለሻለቃነት የታጩ መኮንኖች ዝርዝር ሲወጣ ስሜ አልነበረበትም። ከእኔ ጋር በአንድ ትዕዛዝ ሻምበል የሆነው፣ በሹመቱ ጊዜ ግን አገር ውስጥ የነበረው ጓዴ ተካቷል። የሰው ሀብት ክፍሉን ስጠይቅ «የማዕረግ ቆይታ ጊዜህ አልሞላም» ተባልሁ፤ ለሻለቃነት ከመታጨቴ በፊት በሻምበልነት መቆየት የሚገባኝ ዓመት ገና ነው ማለታቸው ነው። ማህደሩ ተገልጦ ሲታይ 2007 የሚለውን ቁጥር በዓይኔ አየሁት። ዋናው የሹመት ደብዳቤ በማህደሩ ውስጥ አልነበረም።

በዚያን ዕለት ማታ ተቀምጬ አራት ገጽ ጻፍሁ። ከአራቱ ገጽ ውስጥ ስለ ቀኑ የሚናገረው ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም፤ የቀረው ስለ አለቃዬ አድልዎ፣ ስለተከለከልሁት ኮርስ፣ ስለ ቆሰልሁበት ውጊያና ከእኔ በፊት ስለተሾሙ መኮንኖች ብቃት የሚያትት ነበር። በማግስቱ የቅርብ አለቃዬን ዘልዬ ወደ በላይ ክፍል ሄድሁና ጽሑፉን ለማውቀው መኮንን በእጁ ሰጠሁት። መዝገብ ቤት አላስገባሁትም፣ ገቢ ቁጥር አልተቀበልሁበትም፣ ለራሴም ግልባጭ አላስቀረሁም። የሰጠሁት ሰው ስለሚያከብረኝ ጉዳዩ በፍጥነት የሚታይልኝ መስሎኝ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ መልሱ በቃል መጣ፤ የቆይታ ጊዜው በማህደሬ በተመዘገበው መሠረት ትክክል እንደሆነ፣ ሌላው ቅሬታዬ ደግሞ በግምገማ መድረክ ሊነሣ እንደሚችል ተነገረኝ። አለቃዬም መዘለሉን ሰማ። በመካከላችን ቅያሜ ገባ፤ እኔም ከሰው ራቅሁ፣ ሥራዬንም እንደ ቀድሞው በሙሉ ልብ መሥራት ተሳነኝ። ያ ጊዜ ከሃያ አንዱ ወራት ሁሉ የከበደኝ ነው።

ጥር 2011 ዓ.ም. ለጥምቀት ፈቃድ አግኝቼ ደብረ ብርሃን መጣሁ። እኅቴ ፊቴን አይታ ጠየቀችኝና ነገሩን ነገርኋት። ከዚያ ድንገት ትዝ አለኝና «እታለም፣ ከአብዬ የላክሁልሽ ወረቀት አለ?» አልኋት። ከአልጋዋ ሥር ሣጥኗን ጎትታ ከፈተችና በፌስታል የተጠቀለለውን ፎቶ ኮፒ ከግብር ደረሰኞቿና ከልጆቿ የክርስትና ወረቀት መካከል አወጣችው። «ይኸው፤ አንተ የላክኸውን እኔ እጥለዋለሁ?» አለችኝ። «የመጣው በዘመነ ማርቆስ ነው፤ ልጄ ሲያነብልኝ ቀኑ የአስተርዮ ዋዜማ መሆኑን ሰምቼ እመቤቴን አመስግኛታለሁ።» እውነቷን ነው፤ 2006 ዘመነ ማርቆስ፣ 2007 ደግሞ ዘመነ ሉቃስ ነው። የእኅቴ ትዝታ ለመርማሪ የሚቀርብ ማስረጃ ባይሆንም፣ እኔ ግን ለስድስት ወራት ያህል ሁሉም ሰው «ተሳስተሃል» ሲለኝ ቆይቼ ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ስለነበር ያ ቃል ልቤን መለሰልኝ።

ጉዳዩን ያቃናልኝ ሰው ከእኅቴ ጋር አንድ እድር ውስጥ ያሉ፣ በቀድሞው ሠራዊት መዝገብ ቤት ብዙ ዘመን የሠሩ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ደብረ ብርሃን በጥር ብርዱ የሚቻል ስላልሆነ ፀሐይ በሚመታው ግቢያቸው ተቀምጠን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ታሪኬን ከመጀመሪያው ጀምሮ አስተረኩኝ። የጻፍሁትን አራት ገጽ ይዘት ስነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ይህ ቅሬታ ነው» አሉኝ። «ቅሬታ የሚቀርበው አለቃ ወስኖብህ ውሳኔው ሲከፋህ ነው። በአንተ ላይ ግን ማንም የወሰነብህ የለም፤ ቀንህን አንድ ሰው ሲገለብጥ ተሳስቷል። የሚያስፈልግህ እርማት ነው። እርማት የሚጠይቅ ሰው ደግሞ አይከራከርም፤ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳያል።»

ይህን ጽሑፍ ለምታነቡ ሁሉ ከዚህ ንግግር የሚበልጥ ምክር የለኝም። ማዕረግ ማግኘት ምዘናን፣ ክፍት ቦታንና የአለቆችን አስተያየት የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ በእሱ ላይ የሚቀርብ ጥያቄ ብዙ ክርክር ያስነሣል። ተሰጥቶ ያለቀ ማዕረግ ቀኑ በትክክል እንዲጻፍ መጠየቅ ግን ለክርክር ቦታ የለውም፤ ወይ ትዕዛዙ እንዲህ ይላል ወይ አይልም። እኔ ሁለቱን ቀላቅዬ ስላቀረብሁ ቀላሉ ጥያቄዬ በከባዱ ተሸፍኖ ቀረ።

ቀጥለው የጠየቁኝ 2007 የሚለው ቁጥር ከየት ሊመጣ እንደቻለ ነበር። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ስህተት መሆኑን እንጂ እንዴት እንደተፈጠረ አስቤው አላውቅም። ግዳጅ ላይ ሳለን የተሿሚዎች ዝርዝር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተዘጋጅቶ እንደነበር ስነግራቸው እርሳስ አንሥተው ቆጠሩ። ጥር 20 ቀን 2006 ዓ.ም. በእነሱ አቆጣጠር 28/01/2014 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ነው። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ ግን የእነሱ አዲስ ዓመት ስለገባ ልዩነቱ ስምንት ይሆናል፤ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት በኋላ ስለሚመጣ መለወጫው አንድ ቀን ቀድሞ በታኅሣሥ 22 ይውላል። ማህደራችንን ያደራጀው ጸሐፊ ቀኑንና ወሩን በትክክል መልሶ ከ2014 ላይ ስምንት መቀነስ ሲገባው ሰባት ቀነሰ። ሹመቱ በጥቅምት ወይም በኅዳር ቢሆን ኖሮ ስሌቱ ልክ ይመጣ ነበር። ሹመታችሁ ወይም ቅጥራችሁ ከታኅሣሥ መጨረሻ በኋላ የዋለና በግዳጅ ወይም በውጭ አገር ሥልጠና ላይ ሳላችሁ የተመዘገበ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ማህደራችሁን እንድትመለከቱ አሳስባችኋለሁ። በራሳችሁ ጽሑፍ ውስጥም ቀንን በቁጥር ብቻ አትጻፉ። «20/05/2006» ብሎ የጻፈ ሰው ጥርን ማለቱ ነው፣ ሌላው ግን አምስተኛውን የፈረንጅ ወር ሊያነብበት ይችላል፤ የወሩን ስም በፊደል ጽፋችሁ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ጨምሩበት።

ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ ማወቄ ሁለት ጥቅም ሰጠኝ። አንደኛ፣ ማመልከቻዬን የሚያነብ ሰው «ታዲያ ይህ ቁጥር እንዴት መጣ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን አብሬ ማቅረብ ቻልሁ። ሁለተኛ፣ ቂሜ ሟሟ። ስድስት ወር ሙሉ ጠላት ሠራብኝ ብዬ ያሰብሁት ነገር የአንድ የደከመው ጸሐፊ የሒሳብ ስህተት ነበር።

ሃምሳ አለቃው ከመለያየታችን በፊት አንድ ሌላ ነገር አስተማሩኝ። እኔ የማስበው ስለሚቀጥለው ማዕረግ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ ጡረታ አነሡብኝ። በወቅቱ ሥራ ላይ በነበረው አዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ ጡረታ የሚወጣ ሰው አበሉ የሚሰላው ከመሰናበቱ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ 30 በመቶ ተይዞ፣ ከ10 ዓመት በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት ለወታደርና ለፖሊስ 1.65 በመቶ እየተጨመረ፣ ከ70 በመቶ ሳይበልጥ ነው። ለሃያ ዓመት አገልጋይ 30 እና 16.5 ተደምሮ 46.5 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። «መቶኛው ከአገልግሎት ዘመንህ ይመጣል» አሉኝ፤ «የሦስቱ ዓመት ደመወዝ ግን ከማዕረግ ቀንህ ነው የሚመጣው። ማዕረግህ አንድ ዓመት ከዘገየና በሦስት ዓመት ውስጥ ከተሰናበትህ፣ የታችኛው ማዕረግ ደመወዝ ገብቶ አማካዩን ይጎትተዋል፤ እስከ ዕድሜ ልክህ ይከተልሃል።» ሚስትና ልጆች ያሏችሁ፣ «ለአንዲት ዓመት ብዬ ከአለቃ ጋር አልጣላም» የምትሉ ወንድሞቼ ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ሠርታችሁ እዩት።

ከፈቃድ ከመመለሴ በፊት ማስረጃ ሰበሰብሁ። የደብዳቤው ፎቶ ኮፒ ብቻውን በቂ እንደማይሆን ሃምሳ አለቃው አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ ዋናው የሌለው ኮፒ ጥርጣሬ ያስነሣል። ስለዚህ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ፣ በተለያዩ ሰዎች የተዘጋጁ ወረቀቶች ፈለግሁ። ደመወዜ ይገባበት ከነበረው ደብረ ብርሃን ካለው የባንክ ቅርንጫፍ የ2006 ዓ.ም. የሒሳብ መግለጫ ጠየቅሁ፤ በማኅተም የተረጋገጠው መግለጫ ደመወዜ ከየካቲት 2006 ጀምሮ በሻምበል ልክ ማደጉን አሳየ። የደመወዝ ክፍሉ ዋናውን ደብዳቤ ተከትሎ ከፍሎኛል፣ ማህደሩ ግን ሌላ ይላል። በግዳጅ ላይ መጋቢት 2006 የተሰጠኝ መታወቂያ ማዕረጌን ሻምበል ብሎ ይጠቅሳል፤ በማህደሩ መሠረት ግን በዚያ ጊዜ ገና መቶ አለቃ ነበርሁ። ከሁሉ የበለጠው በአንድ ትዕዛዝ የተሾመው ጓዴ የራሱን ደብዳቤ ኮፒ መስጠቱ ነው፤ የትዕዛዙ ቁጥርና ቀን ከእኔ ደብዳቤ ጋር አንድ ነው። አንድ ትዕዛዝ ለአንዱ ሰው 2006፣ ለሌላው 2007 ሊሆን እንደማይችል ማንም ያያል። ሁሉንም ኮፒዎች ከዋናዎቹ ጋር ተገናዝበው ማኅተም እንዲደረግባቸው አደረግሁ፤ በዚህ ጊዜ አንድም ዋና ወረቀት ከእጄ አልወጣም።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ሆነ። ርዕሱን ሃምሳ አለቃው ራሳቸው ነበሩ ያስጻፉኝ፦ «ጉዳዩ፦ በግል ማህደሬ ውስጥ በስህተት የተመዘገበ የማዕረግ ቀን እንዲታረም ስለመጠየቅ።» ከዚያ በታች የሹመት ትዕዛዙን ቁጥርና ቀን፣ በማህደሩ የሰፈረውን ቀን፣ ልዩነቱ ከአቆጣጠር መለወጥ ሊመጣ እንደሚችልና አራቱን አባሪዎች ጠቀስሁ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዋናው ትዕዛዝ ከቤተ መዛግብት ወጥቶ እንዲታይና ቀኑ በእሱ መሠረት እንዲስተካከል። ስለ ሻለቃነት፣ ስለ አለቃዬ፣ ስለ ቁስሌ አንድም ቃል አልጻፍሁም። «ዋናው ትዕዛዝ ይታይ» የሚለው ጥያቄ ጥሩ መሆኑን በኋላ ተረዳሁ፤ እኔን እንዲያምኑኝ አይጠይቅም፣ የራሳቸውን ወረቀት እንዲያዩ ብቻ ይጠይቃል።

የቀረው በዕዝ ሰንሰለቱ መሠረት ማቅረብ ነበር፤ ይህም ማለት ወደ ዘለልሁት አለቃዬ መመለስ ማለት ነው። ከመጻፉ ይልቅ ይህ ከበደኝ። ቢሮው ገብቼ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ያለፈው አካሄዴ ስህተት እንደነበረና ይቅርታ እንደምጠይቅ ነገርሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ተመለከተኝና ማመልከቻውን ተቀብሎ አነበበ። ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አድርጎ ካየ በኋላ «ይህንን ያኔ ብታሳየኝ ኖሮ እኔው ይዤልህ እሄድ ነበር» አለኝና ሸኚ ደብዳቤውን በዚያው ቀን ፈረመ። መጋቢት 2011 ዓ.ም. ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገባ፤ ገቢ ቁጥሩን ከቀኑ ጋር በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍሁ፣ በእኔ ግልባጭ ላይም አስመታሁት።

ሦስት ወር ያህል መልስ አልመጣም። ጉዳዩን የያዘው ሰው ተዛውሮ ነበር፤ በእሱ ቦታ የመጣው ደግሞ ስለ እኔ ማመልከቻ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ገቢ ቁጥሩ ባይኖረኝ እንደገና ከዜሮ እጀምር ነበር። ቁጥሩን ስሰጥ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ደብተሩን ገልጣ ወረቀቱ ለየትኛው ክፍል እንደተመራ በአምስት ደቂቃ ነገረችኝ፤ ፋይሉ ግን በዚያ ክፍል አልተገኘም። ሰኔ ላይ በግልባጬ ሁለተኛ ቅጂ አስገባሁ፣ የመጀመሪያውን ገቢ ቁጥርም ጠቀስሁ። በዚያ መካከል ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም እንድሄድ የመከሩኝ ነበሩ። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 211/1992 የመከላከያ ክፍሎች በአገር ደኅንነትና በውጭ ግንኙነት ጉዳይ የሚሰጧቸውን ውሳኔዎች ከተቋሙ ሥልጣን ውጭ ያደርጋል። የእኔ ጉዳይ ከዚያ ወገን ባይሆንም በውስጥ ያለውን ደረጃ ሳልጨርስ ወደ ውጭ መውጣቱን አልፈለግሁም፤ ባለመውጣቴም አልተጸጸትሁም።

ነሐሴ 2011 ዓ.ም. በቀጣዩ ዙር ሻለቃ ሆንሁ። በስህተተኛው ቀን እንኳ ቢሰላ የቆይታ ጊዜዬ በዚያን ጊዜ ሞልቶ ነበር። ጓደኞቼ «እንግዲህ ማዕረጉን አገኘህ፣ ነገሩን ተወው» አሉኝ፤ ባለቤቴም ሰላም እንዳገኝ ስለፈለገች እንዲሁ አለችኝ። ልተወው ቀርቤ ነበር። ነገር ግን የሻምበልነት ቀኔ ካልታረመ የሻለቃነት ቀኔም አንድ ዓመት እንደዘገየ ይቀራል፣ ከኋላዬ የተሾሙትም ከፊቴ ይቆጠራሉ። ማንም ሰው በዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ድካሙ ራሱ «በቃ» ያሰኘዋል፤ ይህ ስሜት ሲመጣባችሁ ለአንድ ሳምንት ያህል ምንም ሳትወስኑ ቆዩ።

ኅዳር 2012 ዓ.ም. ዋናው ትዕዛዝ ተገኘ። ጉዳዩን የመረመሩት ሰዎች ጠርተው ያነጋገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ የጠየቁኝም አባሪዎቹን ከየት እንዳገኘሁ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ጥር 20 ቀን 2006 ዓ.ም. ተብሎ እንዲስተካከል» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ያን ዕለት ወደ እኅቴ ደውዬ አነበብሁላት።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሠሩትን ስህተት እኔም ልሠራው ነበር። የእርማት ደብዳቤ ስለተጻፈ ቀኑ በየቦታው የታረመ መሰለኝ። ከአንድ ወር በኋላ ሄጄ ሳጣራ በወረቀት ማህደሬ ተስተካክሏል፣ በኮምፒውተር ላይ ባለው መረጃ ግን አሁንም 2007 ነበር፤ የደመወዝ ክፍሉ ግልባጩ አልደረሰውም፤ ለጡረታ በሚላከው የአገልግሎት መረጃም ላይ አልሰፈረም። ወደ እያንዳንዱ ቦታ ግልባጩን ራሴ ይዤ ሄድሁ፣ መስተካከሉንም በዓይኔ አየሁ። አንድ ቦታ ብቻ የቀረ አሮጌ ቀን ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላልና ይህን ሥራ ለሌላ ሰው አትተዉት።

ከዚህ በኋላ ነው ሁለተኛውን ጥያቄ ያቀረብሁት። የሻምበልነት ቀኔ ከታረመ በ2010ሩ ዙር መታጨት ይገባኝ ስለነበር የሻለቃነት ቀኔ ወደ ነሐሴ 2010 እንዲመለስ ጠየቅሁ። ይህ ከመጀመሪያው የተለየና የከበደ ጥያቄ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ቆይታ መሙላት ብቻውን ማዕረግ አያሰጥም። የረዳኝ የ2010 ዓ.ም. የሥራ አፈጻጸም ምዘናዬ ነው። ውጤቱ በዚያ ዙር ከተሾሙት ጓዶቼ የሚያንስ አልነበረም፣ ግልባጩም በእጄ ነበር። ምዘና በተሞላላችሁ ቁጥር ግልባጩን ጠይቃችሁ አስቀምጡ፤ በዚያን ቀን የማይጠቅም ይመስላል።

ውሳኔው ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ደረሰኝ። የሻለቃነት ቀኔ ወደ ነሐሴ 2010 ተመለሰልኝ። የደመወዝ ልዩነቱ ግን የተከፈለኝ ጥያቄዬ በመዝገብ ከታወቀበት ከመጋቢት 2011 ጀምሮ ብቻ ነው። ከነሐሴ 2010 እስከ መጋቢት 2011 ያለውን የሰባት ወር ልዩነት አጣሁት፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ የሰጠሁት አራት ገጽ ገቢ ቁጥር ስላልነበረው እንዳልቀረበ ተቆጠረ። ስለዚህ ማንን እወቅሳለሁ? የሰጠሁት መኮንን ሊረዳኝ ፈልጎ ነው የተቀበለኝ። በእጅ የተሰጠ ማመልከቻ ማመልከቻ አለመሆኑን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ይህን እንድጽፍ በመጨረሻ ያስገደደኝ የሚንጃር ሰው የሆነ የአብዬ ጓዴ ነው። በዚያው ዝርዝር ላይ ስለነበር የእሱም ቀን በዚያው ስሌት ተሳስቷል፤ ግን አላወቀም። ነሐሴ 2011 ሻለቃ ሆኖ ጥር 2014 ዓ.ም. ተሰናበተ። ከመሰናበቱ በፊት ካሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ሰባቱ ወራት በሻምበል ደመወዝ ስለተያዙ የጡረታ አበሉ ዝቅ ብሎ ተሰላ። ቀኑ በትክክል ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ዓመታት በሻለቃ ደመወዝ ይያዙለት ነበር። ይህን ያወቀው በአንድ ለቅሶ ላይ ተገናኝተን ስለ እኔ ጉዳይ ስንጨዋወት ነው። ነገሩን ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ ሲያቀርብ በቅድሚያ የቀድሞ ክፍሉ ቀኑን አርሞ መረጃውን መላክ እንዳለበት ተነገረው። የተሰናበተ ሰው ጉዳይ ከባድ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ አለቃው ተለውጧል፣ ጓዶቹ ተበትነዋል፣ እሱም የሚኖረው ከክፍሉ ርቆ ነው።

ባለፈው ወር ከአረርቲ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን መጣ። የግዳጅ መታወቂያውንና የባንክ መግለጫውን ይዞ ነበር፤ የሹመት ደብዳቤው ግን የለውም። የእኔን ደብዳቤ ኮፒና የእርማቱን ውሳኔ ሰጠሁት፤ ትዕዛዙ አንድ ስለሆነ ለእሱም ያገለግላል። እኅቴ ቤት ተቀምጠን አንድ ገጽ ጻፍን። ስለደረሰበት በደል ሊጨምር ሲል አስቆምሁት፤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ቀደድንና በሦስተኛው ተስማማን። በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ከቀድሞ ክፍሉ መዝገብ ቤት በር ላይ ሆኖ ደወለልኝና ገቢ ቁጥሩን ቀስ እያለ አነበበልኝ፤ እኔም በራሴ ማስታወሻ ደብተር ከእኔ ቁጥር ሥር ከነቀኑ ጻፍሁለት።